ቱቦው ስንት ላይ ይቁም?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ሶስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፣ አዲስ የተወለደ ልጅ መተንፈስ ሲያቅተው በአፉ የሚገባለት የአየር ቱቦ ምን ያህል ጠልቆ መግባት አለበት የሚለው። አንዷ ሚድዋይፍ ናት፣ አንዱ አባት ነው፣ ሌላኛው አምቡላንስ ላይ የሚሄድ ነርስ። ሶስቱም እዚሁ ሰሜን ሸዋ ናቸው። እኔም ደብረ ብርሃን ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ስለሰራሁ ይሄ ነገር ሲነሳ በሁለት መስመር መልሼ ማለፍ አልቻልኩም፣ ስለዚህ የዚህን ወር ገፅ በሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ

ሲስተር እንደምን ከረሙ። እኔ መንዝ አካባቢ የምሰራ ሚድዋይፍ ነኝ። ባለፈው ሰሞን የሌሊት ዲዩቲ ላይ 3 ኪሎ ተኩል የሆነ ልጅ ተወለደና አላለቀሰም፣ በአምቡባግ (በእጅ በሚጨመቀው የአየር ከረጢት) አየር ሰጠነው፣ ደረቱ ይነሳል ግን የልብ ምቱ አልጨምር አለ፣ በመጨረሻ ጂፒው (ጠቅላላ ሐኪሙ) ኢንቲዩቤት አደረገው፣ ማለት ቱቦ ከተተለት። ቱቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ትምህርት ቤት እንደተማርኩት ኪሎ ሲደመር 6 ብዬ 9 ተኩል ላይ። በነጋታው ኤክስሬይ ሲነሳ ወደ ቀኝ ሳምባ ገብቷል ተባለና ወደ ላይ ተሳበ። ልጁ ደህና ነው እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ሂሳቡን ተሳስቼ ነው ወይስ ሂሳቡ ራሱ ነው ልክ ያልሆነው? ከዛ ቀን ወዲህ ቱቦ ሳይ እጄ ይንቀጠቀጣል።

መልስ

እህት ዓለም፣ ሂሳቡን አልተሳሳትሽም። ኪሎ ሲደመር 6 ሁላችንም የተማርነው ነው፣ 1 ኪሎ ከሆነ 7፣ 2 ኪሎ ከሆነ 8፣ 3 ኪሎ ከሆነ 9 ሴንቲ ሜትር ላይኛው ከንፈር ላይ ይነበባል፣ ለዛ ነው 7-8-9 የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ1979 ቶቸን የሚባል ሐኪም ነው ያወጣው፣ እና እስከዛሬ የቆየው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እየጣለሽም ቢሆን በጭንቅላትሽ ልትደምሪው ስለምትችዪ ነው። ግን ይሄ ቁጥር ከየት አካባቢ እንደምትጀምሪ ነው የሚነግርሽ፣ እዛው ላይ እሰሪና ወደ ሌላ ስራ ሂጂ አይልሽም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ እንደሱ ነው የምናደርገው፣ ቁጥሩ ከወጣ አለቀ ብለን ፕላስተር እንፈልጋለን።

እስኪ ትንሿን ጣትሽን እያት። ወሩ ሞልቶ የተወለደ ልጅ የአየር ቧንቧ ከድምፅ አውታሩ ጀምሮ ለሁለት እስከሚከፈልበት ድረስ 4 ወይ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ከዛች ጣት አይበልጥም፣ ወሩ ያልሞላው ደሞ በጣም ያጥራል። የቱቦው ጫፍ መቆም ያለበት የዚች መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ላይም ወደ ታችም ለመሳሳት ያለሽ ቦታ ከ2 ወይ ከ2 ተኩል ሴንቲ አይበልጥም። ከጠለቀ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው፣ ምክንያቱም የቀኙ ቅርንጫፍ ሰፋ ያለና ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው፣ ግራው ግን ጎበጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ቀኝ ከገባ ግራው ሳምባ ባዶውን ይቀራል፣ ይሟሽሻል፣ ቀኙ ደሞ የሁለቱን ድርሻ ብቻውን እየተቀበለ ይነፋል፣ ሊቀደድና አየር ደረት ውስጥ ሊፈስ ይችላል። በጣም ላይ ከቀረ ደግሞ ልጁ ራሱን ባዞረ ቁጥር ሾልኮ ይወጣል፣ አንቺ አየር እየሰጠሁት ነው ትያለሽ አየሩ ግን ጨጓራ ነው የሚገባው።

አሁን ወደ ሂሳቡ ልመለስ። 7-8-9 ትንንሾቹ ላይ ችግር እንዳለበት ቆይቶ ታወቀ፣ በተለይ ከ750 ግራም በታች የሆኑት ላይ ቱቦውን ያጠልቀዋል። ስለዚህ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚና የልብ ማህበሩ የሚያወጡት የጨቅላ ሕፃናት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ሌሎች ሁለት መንገዶች አስቀመጠ። አንደኛው በእርግዝና ሳምንት የሚሄድ ሰንጠረዥ ነው፣ ከ23 እስከ 24 ሳምንት 5.5፣ ከ25 እስከ 26 ሳምንት 6፣ ከ27 እስከ 29 ሳምንት 6.5፣ ከ30 እስከ 32 ሳምንት 7፣ ከ33 እስከ 34 ሳምንት 7.5፣ ከ35 እስከ 37 ሳምንት 8፣ ከ38 እስከ 40 ሳምንት 8.5፣ ከ41 በላይ 9 ሴንቲ ሜትር። ቆርጠሽ ዋርመሩ (የጨቅላው ማሞቂያ) ላይ ለጥፊው። ልብ በይ፣ ያንቺ ልጅ 3 ኪሎ ተኩል ነው፣ በሰንጠረዡ ወሩን የጨረሰ ልጅ ከ9 አያልፍም፣ አንቺ 9 ተኩል ላይ አሰርሽ፣ በደመርሽው ልክ ነሽ ግን ትርፏ ግማሽ ሴንቲ ከሂሳቡ ከራሱ የመጣች ናት። 4 ኪሎ ላይማ በሂሳቡ 10፣ በሰንጠረዡ 9 ይሆናል፣ ሙሉ ሴንቲ ነው ልዩነቱ።

ሳምንቱ ግን እኛ አገር አይገኝም ትይኛለሽ፣ አውቃለሁ። እናትየዋ ወር የምትቆጥረው በካሌንደር አይደለም። ግን ጠይቂያት፣ ብዙ ጊዜ ዓመት በዓሉን ታስታውሳለች፣ «የወር አበባ ለመጨረሻ ያየሁት ፍልሰታ ሲፈታ ነው» ካለችሽ ነሐሴ 16 ማለት ነው፣ ልጁ መጋቢት 25 ቢወለድ ጳጉሜን ጨምረሽ ስትቆጥሪ ልክ 32 ሳምንት ይመጣልሻል፣ ከሰንጠረዡ 7 ላይ ነሽ። እኔ በዚህ አቆጣጠር ብዙ ጊዜ ተጠቅሜያለሁ፣ እናቶች ፆምና በዓል አይሳሳቱም።

ሁለተኛው መንገድ እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ኪሎም ሳምንትም አይጠይቅሽም። የጭንቅላት ዙሪያ የምንለካበትን ሜትር ያዢና ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳ ከሚለየው ግድግዳ ስር ጀምረሽ፣ ከጆሮው ቀዳዳ ፊት ለፊት እስካለችው ትንሽዬ ጉብታ ድረስ ለኪ፣ 1 ሴንቲ ጨምሪበት፣ በቃ። 6 ከመጣ 7 ላይ ነው። አንቺ በማስክ አየር እየሰጠሽ እያለ ሌላ ሰው በ5 ሴኮንድ ይለካዋል፣ ሚዛኑ ቢበላሽ፣ ልጁ ለመመዘን የማይመች ቢሆን፣ እናቱም ራሷን ስታ ቢሆን ይሰራል። ይሄ ሁሉ በአፍ ለሚገባ ቱቦ ነው እንግዲህ፣ በአፍንጫ የሚገባ ሌላ ነው።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር አንገት ነው። አገጩ ወደ ደረቱ ከደፋ ቱቦው ይጠልቃል፣ ቀና ካለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቱቦው አፍንጫውን ነው የሚከተለው ማለት ነው። ስለዚህ ኤክስሬይ ሲነሳ ራሱ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ መሆን አለበት፣ ጫፉም ከመጀመሪያው ወይ ከሁለተኛው የደረት አከርካሪ አጥንት ትይዩ መታየት አለበት። ያንቺ ልጅ ኤክስሬይ ሲነሳ ትከሻው ስር ጨርቅ ነበረ? ወይስ በጋቢ ተጠቅልሎ አገጩ ደፍቶ ነበረ? ይሄን ሳይጠይቁ ቱቦ የሚስቡ ሰዎች አይቻለሁ፣ ከዛ ልጁ ቀና ሲል ቱቦው እጃቸው ላይ ይወጣል።

ኤክስሬዩ እስኪመጣ ደሞ ዝም ብለሽ አትጠብቂም። መጀመሪያ የልብ ምቱን ነው የምታዪው፣ ቱቦው ቦታው ላይ ከሆነና አየር ከገባ ልቡ መጨመር አለበት፣ ከዚህ የሚበልጥ ምልክት የለም። ካርቦንዳይኦክሳይድ የምታሳየዋ መሳሪያ ካለቻችሁ ከወይን ጠጅ ቀለም ወደ ቢጫ ትቀየራለች፣ ግን ተጠንቀቂ፣ ቢጫ ሆነች ማለት ቱቦው የምግብ ቧንቧ ውስጥ አይደለም ማለት ነው እንጂ ጥልቀቱ ልክ ነው ማለት አይደለም፣ ቀኝ ሳምባ ውስጥ ገብቶም ቢጫ ናት። ልቡ በጣም ከደከመ ደሞ ቦታው ላይ ሆኖም ላትቀየር ትችላለች። ከዛ በስቴቶስኮፕ ሁለቱንም ብብት ስሚ፣ ደረት መሃል ላይ አይደለም ብብት ስር ነው፣ የትንሽ ልጅ ደረት ድምፁን ከወዲያ ወዲህ ስለሚያሻግረው መሃል ላይ ያታልልሻል። ጨጓራውንም ስሚ። ግራው ከቀነሰ ሰው ቱቦውን ይዞ ትንሽ ትንሽ እያለ ይሳብ፣ አንቺ ጆሮሽን ሳታነሺ ስሚ፣ የግራው ድምፅ የመጣባት ቦታ ላይ ትቆማላችሁ። ቱቦው ሲገባ ደሞ ጫፉ አጠገብ ያለችው ጥቁር መስመር የድምፅ አውታሩ ላይ ስትደርስ እዛ ላይ መቆም ነው፣ ጂፒው እሷን ማየቱን ጠይቂው።

እጅሽ የሚንቀጠቀጠው ግን እኔን ያሳዘነኝ ነው። አንቺ በአምቡባግ አየር ሰጥተሻል፣ ደረቱ ሲነሳ አይተሻል፣ ያ ልጅ የተረፈው በዛ ነው። አብዛኛው ሳያለቅስ የተወለደ ልጅ ቱቦ ሳያስፈልገው በማስክ ብቻ ይመለሳል፣ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ፣ ማስኩ አፍና አፍንጫውን ገጥሞ። ቱቦው ቢያጠራጥርሽ፣ ልቡም ቢወርድ፣ አውጥቶ ወደ ማስክ መመለስ ነውር አይደለም። ለመክተት የሚደረገው ሙከራ ራሱ ከ30 ሴኮንድ ማለፍ የለበትም፣ ካለፈ ማስክ ይሰጠውና እንደገና ይሞከራል።

ጥያቄ

ከመሃል ሜዳ ነው የምፅፈው። ልጃችን በሰባት ወሩ ተወለደና ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ተባልን። እዛ በአፉ ቱቦ ከተው ነበር። ማታ ላይ ኤክስሬይ አነሱት፣ አንዷ ዶክተር መጣችና «ግማሽ ሴንቲ ሳቡት» አለች፣ ከዛ ደግሞ እንደገና ኤክስሬይ። ለግማሽ ሴንቲ ልጄን ሁለት ጊዜ በጨረር? ደግሞ ቱቦው ከወጣ በኋላ ልቅሶው ሻካራ ሆኗል፣ አማቴ ቱቦው ድምፁን በልቶታል ትላለች፣ ባለቤቴም እሱን እያሰበች ታለቅሳለች።

መልስ

ወንድሜ፣ እንኳን ልጁን ይዛችሁ ወደ ቤት ገባችሁ። ግማሽ ሴንቲዋ ከላይ ለሚድዋይፏ እንደመለስኩት ነው፣ እባክዎ እሱን ያንብቡት፣ የሰባት ወር ልጅ የአየር ቧንቧ በጣም አጭር ስለሆነ ለእርሶ የምስር ፍሬ የምታክል ነገር ለሱ አንድ ሳምባ ናት። ዶክተሯ ግማሽ ሴንቲ ብላ ማዘዟ ጠንቃቃ ሰው መሆኗን ነው የሚያሳየው፣ ከሳበች በኋላ ደግማ ማየቷም እንደዚሁ። የደረት ኤክስሬይ ጨረሩ ትንሽ ነው፣ ቱቦው የተሳሳተ ቦታ ላይ ቢያድር የሚያመጣው ጉዳት ከዛ ጋር አይወዳደርም።

ድምፁን በተመለከተ፣ ቱቦው የሚያልፈው በሁለቱ የድምፅ አውታሮች መሃል ነው፣ ለዛ ነው ቱቦ ያለበት ልጅ አፉን ከፍቶ ሲያለቅስ ድምፅ የማይሰማው፣ ይሄንን ያየች እናት ደሞ እንዴት እንደሚጨንቃት በዓይኔ አይቻለሁ። ሲወጣ አውታሮቹ ትንሽ ያብጣሉ፣ ልቅሶው ይሻክራል፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ለአማትዎ በኔ ስም ይንገሩልኝ፣ አልተበላም። ግን ሲተነፍስ ወደ ውስጥ ሲስብ ፉጨት የመሰለ ድምፅ ካለው፣ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ እየጎደጎደ ከሆነ፣ ወይ ሻካራነቱ ሳምንታት ካለፈው ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት። መሃል ሜዳ ብርዱ ከባድ ነው፣ ባለቤትዎ ደረትዋ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጋ ጋቢውን ከላይ ትደርብለት፣ እርሶም በተራዎ ይያዙት፣ አባትም ይችላል።

ጥያቄ

ሲስተር፣ ከቆላው ወደ ደብረ ብርሃን በሪፈር አምቡላንስ የምመላለስ ነርስ ነኝ። ቱቦ ያለበት ጨቅላ ሲሰጡኝ መንገድ ላይ ምን ልጠብቅ? ደሞ ከአፉ ውጪ የሚንጠለጠለው ክፍል በጣም ይረዝማል፣ ይቆረጣል ወይ?

መልስ

ያንተን ጥያቄ ሳነብ አንድ ቀን ትዝ አለኝ፣ ሳልነግርህ ወደ ሌላው አልሄድም። ከብዙ ዓመት በፊት እኔም እንዳንተ አምቡላንስ ላይ ሄጄ ነበር፣ ቆላ ካለ አንድ ሆስፒታል 1 ኪሎ ከ600 የሆነች ሴት ልጅ ቱቦ ገብቶላት ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ ስሟ አለ፣ መድሃኒቱ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ቱቦው ስንት ሴንቲ ላይ እንደታሰረ ግን የለም። እኔም አልጠየቅኩም፣ ቸኩለን ነበር፣ እስከዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ደብረ ሲናን አልፈን ወደ ጣርማበር ስንወጣ ያን ጠመዝማዛ ታውቀዋለህ፣ እያንዳንዱ ኩርባ ላይ የልጅቷ ራስ ከወዲህ ወዲያ ይላል፣ ጉሙ ወርዶ መስታወቱን ሸፍኖታል፣ እናትየዋ ጋቢዋን አፏ ላይ ይዛ ትመለከተኛለች። ሳቹሬሽኑ (የደሟ ኦክስጅን መጠን) መውረድ ጀመረ፣ 90፣ 84፣ 76። ኦክስጅኑን አየሁ፣ አለ። ባጉን አየሁ፣ ደህና ነው። በስቴቶስኮፕ ልሰማ ስል ከሞተሩ ጩኸት በስተቀር የሚሰማ ነገር የለም። ሹፌሩን «አቁም፣ ሞተሩን አጥፋ» አልኩት፣ ዋሻው ሳንደርስ ጥግ ያዘና አጠፋ። ያን ጊዜ ነው ፀጥ ሲል ግራ ብብቷ ስር ምንም አለመኖሩን የሰማሁት። ከንፈሯ ላይ ሳይ ፕላስተሩ በምራቅ ርሶ ተላቋል፣ ቱቦው 9 ላይ ነው። 9! ለ1 ኪሎ ከ600። ቀስ ብዬ እየሰማሁ ሳብኩት፣ 8 ተኩል ምንም፣ 8 ላይ ትንሽ፣ 7 ተኩል ላይ ግራው መጣ። ከንፈሯ ቀስ እያለ ቀላ። ደብረ ብርሃን እስክንገባ ድረስ ጣቴን ከላንቃዋ ላይ አላነሳሁም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ስትረከብ ቁጥሩን ጠይቅ፣ ከንፈሩ ላይ በዓይንህ አንብበው፣ ወረቀቱ ላይም ፕላስተሩ ላይም በእስክሪብቶ ፃፈው። «ላይኛው ከንፈር ላይ 7.5» ብለህ። እሱ ካለህ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር በሴኮንድ ታውቃለህ። ካሳረፍከው በኋላ ሁሌ እንደገና እይ፣ ከዋርመር ወደ ቃሬዛ፣ ከቃሬዛ ወደ መኪና፣ ቱቦ የሚንሸራተተው በብዛት እንደዚህ ሲዛወር ነው። ከማሰርህ በፊት ፊቱን በደንብ አድርቀው፣ እርጥብ ቆዳ ላይ ፕላስተር አይዝም፣ አንድ ሰው ቱቦውን በጣቱ ከላንቃው ጋር አጣብቆ ይያዝ ሌላው ያስር። ራሱን ከግራና ከቀኝ በተጠቀለለ ጨርቅ ደግፈው፣ አንገቱ እንዳይደፋ ትከሻው ስር ስስ ጨርቅ አድርግ። ሳቹሬሽኑ በድንገት ከወረደ መጀመሪያ ቱቦው ተንቀሳቅሷል ወይ በል፣ ከዛ ተዘግቷል ወይ፣ ከዛ ደረቱ ውስጥ አየር ፈሷል ወይ፣ ከዛ እቃው ተበላሽቷል ወይ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። መኪና ውስጥ ካልሰማህ አስቁም፣ ማቆም ጊዜ ማባከን አይደለም። ማስክና አምቡባግ ደግሞ እጅህ የሚደርስበት ቦታ ይሁን እንጂ ከታች ሻንጣ ውስጥ አይሁን፣ ቱቦው ከወጣ መንገድ ላይ ዳግመኛ ለመክተት ከመታገል በማስክ ይዘኸው መድረስ ይሻላል።

ቱቦው ይቆረጣል፣ አዎ። ረጅም ሆኖ ሲንጠለጠል ክብደቱ ይጎትተዋል፣ ይታጠፋል፣ አየሩም በረጅሙ ሲመላለስ ይከብደዋል። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ13 እስከ 15 ሴንቲ እንዲሆን ተደርጎ ይቆረጥና ማገናኛው ተመልሶ ጠበቅ ተደርጎ ይገባል። ከመቁረጥህ በፊት ግን ከንፈሩ ላይ ያለውን ቁጥር ፃፍ፣ ስትቆርጥም አንድ ሰው ከንፈሩ አጠገብ አጥብቆ ይያዝልህ፣ መቀሱ ሲጫነው ቱቦው ወደ ውስጥ ይገፋል። ማገናኛውን ከመለስክ በኋላ ከንፈሩ ላይ እንደገና አንብብና ሁለቱንም ብብት ስማ።